ጡትሽን ታውቂዋለሽ? ራስን በራስ የመመርመር ዝርዝር መመሪያ

ፊትሽ ላይ ትንሽ ብጉር ብትወጣ በማግስቱ ጠዋት ታያታለሽ። ፊትሽን በየቀኑ ስለምታይው ነው። ጡትሽንስ ደህና አድርገሽ ያየሽው መቼ ነው? ስንታጠብ ሳሙና አሳልፈንበት፣ ለብሰን፣ ወደ ጉዳያችን እንሮጣለን። ብዙዎቻችን የግራውና የቀኙ መጠን እኩል ይሁን አይሁን ብንጠየቅ እንኳ እርግጠኛ ሆነን አንመልስም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንዲት ሴት ጡቷ ደህና ሲሆን ምን እንደሚመስል፣ ሲዳበስ ምን እንደሚል ካወቀች፣ የተለወጠ ቀን ማንም ሳይነግራት ትለየዋለች። ራስን መመርመር ማለት በዋናነት ይኸው ነው፤ የራስን ጡት መልመድ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። 670 ሺህ ገደማ ደግሞ ሞተውበታል። «በእኛ ቤተሰብ የለም» የሚለው መጽናኛም ብዙ አያስተማምንም። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ሌላ የሚታወቅ አጋላጭ ምክንያት የለባቸውም። በዘር በሚተላለፍ የጂን ለውጥ የሚመጣው ከ100 ውስጥ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ እውነት

ራስን መመርመር ብቻውን ከሞት ያድናል ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። በቻይናዋ ሻንጋይ ከ266 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ራሳቸውን እንዲመረምሩ በደንብ ሠለጠኑ፤ ግማሾቹ አልሠለጠኑም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ በጡት ካንሰር የሞቱት ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። የሠለጠኑት ግን ካንሰር ላልሆነ እብጠት ብዙ ጊዜ ናሙና ተወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጤና ተቋማት «በየወሩ የግድ ነው» ማለቱን ትተዋል። አሁን የሚሉት «ጡትሽን እወቂ፤ ለውጥ ስታዪ ፈጥነሽ ተመርመሪ» ነው።

ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? ብዙ የጡት ካንሰሮችን ዛሬም መጀመሪያ የምታገኛቸው ሴቷ ራሷ ስለሆነች ነው። ስትታጠብ፣ ስትለብስ፣ ተኝታ ስትገላበጥ። ለማሞግራም፣ ማለትም ለጡት ራጅ ምርመራ፣ ዕድሜዋ ያልደረሰ አለች። ማሞግራም በአቅራቢያዋ የሌላት አለች። «ደህና ነሽ» ተብላ ከተመለሰች በኋላ ቀጣዩ ቀጠሮ ሳይደርስ እብጠት የሚወጣባትም አለች። ለእነዚህ ሁሉ የራሳቸው ዓይንና እጅ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ዘዴውን በደንብ ተማሪው፣ በእርጋታ አድርጊው፣ አንድ ወር ቢያመልጥሽ ራስሽን አትውቀሺ። የሐኪም ምርመራና የማሞግራም ምትክ አድርገሽ ግን አትያዢው።

ቀኑን መምረጥ

የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ጡት ያብጣል፣ ያማል፣ ሲነካ ጓጎል ጓጎል ይላል። በዚያ ሰሞን ብትዳብሺው በከንቱ ትደነግጫለሽ። ጥሩው ጊዜ ደሙ ከቆመ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ደም ያየሽበትን የመጀመሪያ ቀን 1 ብለሽ ቁጠሪ፤ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጡቱ ለስለስ ይላል።

ካረጥሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የወር አበባሽ የማይገመት ከሆነ የማትረሺውን አንድ ቀን ምረጪ። ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊ። ጡት የምታጠቢ እናት ከሆንሽ ደግሞ ልጁ ጠብቶ ጡቱ ጎደል ሲል አድርጊው። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የወጣ እብጠትን ሁሉ «ወተት ነው» ብለሽ አትለፊው። በእርግዝናም በማጥባትም ወቅት ካንሰር ይከሰታል። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልጠፋ ሐኪም ይየው።

ጡት ከየት እስከ የት ነው?

ይህን ሳታውቂ ከጀመርሽ ግማሹን ትዘይዋለሽ። ጡት ማለት ከደረት ወጣ ያለው ክብ ብቻ አይደለም። የጡት ሥጋ ወደ ላይ ከአንገት ሥር እስካለው አግድም አጥንት፣ ወደ ጎን እስከ ብብት፣ ወደ መሀል እስከ ፍርምባ አጥንት፣ ወደ ታች የጡት ማስያዣ ገመድ እስከሚያርፍበት መስመር ድረስ ይዘልቃል። ወተት የሚያመርተው እጢ በብዛት ያለው በላይኛው የውጪ ክፍል፣ ወደ ብብት በሚወስደው በኩል ነው። ካንሰርም ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ይበዛል። ያንን ቦታ ችኩል እጅ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

ደረጃ 1፦ በመስታወት ፊት

በሩን ዝጊ። ከወገብ በላይ ያለውን ልብስ አውልቂ። በደንብ ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሚ። እዚህ የሚሠራው ዓይን ብቻ ነው፤ እጅሽን ለኋላ ተዪው።

መጀመሪያ እጆችሽን ወደ ታች ለቀሽ ፊት ለፊት ተመልከቺ። መጠኑን፣ ቅርጹን፣ የቆዳውን ቀለም፣ የጡት ጫፍ የሚያመለክትበትን አቅጣጫ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዙሪ። ከጎን ብቻ የሚታይ ነገር አለ።

ቀጥሎ ሁለቱንም እጆችሽን ከራስሽ በላይ አንሺ። ጡቶችሽ አብረው እኩል ይነሳሉ? አንዱ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ቆዳው ወደ ውስጥ የሚጎተት ቦታ አለ? ይህ አቀማመጥ ምክንያት አለው። ጡትን ከቆዳ ጋር የሚያያይዙ ስስ ጅማቶች አሉ። ካንሰር ሲይዛቸው ያሳጥራቸዋል፤ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስቡታል። እጅሽ ወደ ታች እያለ ይህ ላይታይ ይችላል። እጅሽን ስታነሺ ግን ጉንጭ ላይ እንዳለ ስርጉድ ብቅ ይላል።

ሦስተኛ፣ እጆችሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚ። የደረት ጡንቻ ሲወጠር የተደበቀ መጎተት ይወጣል። በመጨረሻ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በይና ጡቶችሽ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ እዪ። ትልቅ ጡት ያላት ሴት በታችኛው በኩል ያለውን ቆዳ በእጇ ከፍ አድርጋ ማየትም አለባት።

ደረጃ 2፦ ተኝቶ መዳበስ

ለምን ተኝቶ? ቆመሽ ሳለ ጡት ወደ ታች ተሰብስቦ ወፍራም ይሆናል። ስትተኚ ግን ደረትሽ ላይ ይዘረጋና ይሳሳል። ያኔ ውስጡን ማግኘት ይቀላል።

ከቀኙ እንጀምር። በጀርባሽ ተኚ። ቀኝ ትከሻሽ ሥር ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ፎጣ አድርጊ። ቀኝ እጅሽን ከራስሽ ሥር አድርጊው። የምትዳብሺው በግራ እጅሽ ነው። ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት አንድ ላይ ገጥመሽ ዘርጊያቸው። የምትጠቀሚው የጣቶችሽን ጫፍ አይደለም፤ የጣት አሻራ የምትሰጪበትን ለስላሳ ክፍል ነው። ስሜቱ ያለው እዚያ ነው። ጣትሽ ከተንሸራተተ ይሻላልና ትንሽ ቅባት ወይም ሎሽን ብትቀቢ ጥሩ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ጣቶችሽን አንድ ቦታ አሳርፊና በሳንቲም ስፋት ክብ እየሠራሽ ዳብሺ። እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ጫና። በመጀመሪያ ቆዳውን ብቻ እስኪያንቀሳቅስ በጣም ቀለል አድርጊ። ሁለተኛውን መካከለኛ፣ የጡቱ መሀል እስኪሰማሽ። ሦስተኛውን ጠንከር አድርገሽ፣ የጎድን አጥንትሽ እስኪሰማሽ። ከዚያ ጣትሽን ሳታነሺ በአንድ ጣት ስፋት ወደሚቀጥለው ቦታ ተንሸራተቺ። ብዙ ሴት ስህተት የምትሠራው እዚህ ነው። አንዴ ጠንከር አድርጋ ትጫንና ታልፋለች። ከቆዳ ሥር ያለች ትንሽ እብጠት ግን በጠንካራ ጫና ወደ ውስጥ ትገባና ትጠፋለች። ከሥር ያለችው ደግሞ በቀላል ጫና አትደረስም።

አካሄዱስ? በክብ መዞር ይቻላል፤ ከጡት ጫፍ ወደ ውጪም ይቻላል። እኔ የምመክርሽ ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን ነው፤ ምንም ቦታ ሳይዘለል ሁሉንም ለማዳረስ የተሻለው እሱ ነውና። ገበሬ ማሳ ላይ ትልም እንደሚያወጣ አስቢው። ከብብትሽ ሥር ጀምሪ። እስከ ጡት ማስያዣው መስመር ውረጂ። አንድ ጣት ወደ መሀል ተጠጊና ወደ ላይ ውጪ፣ እስከ አንገት ሥር አጥንት። እንደገና ውረጂ። ፍርምባ አጥንትሽ ጋ እስክትደርሺ እንዲሁ ቀጥዪ። የጡት ጫፍና በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክብም በዚሁ ትልም ውስጥ ይዳበሳል፤ ዘለሽው አትለፊ።

ጡትሽ ትልቅ ከሆነ ተኝተሽም ወደ ጎን ይፈስሳል። የውጪውን ግማሽ ስትዳብሺ ወደ ተቃራኒው ጎን ዞር ብለሽ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ፤ ትከሻሽን ግን ወደ ኋላ ጣይው። ጡቱ ደረትሽ መሀል ላይ ይሰፍራል። ለውስጠኛው ግማሽ ተመልሰሽ በጀርባሽ ተኚ።

ቀኙን ስትጨርሺ ትራሱን ወደ ግራ አዛውሪና በቀኝ እጅሽ ግራውን ዳብሺ።

ደረጃ 3፦ ብብትና የጡት ጫፍ

ብብትን ለመዳበስ ተነስተሽ ተቀመጪ። እጅሽን ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጊ። ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ የብብት ሥጋ ይወጠርና ምንም አይሰማሽም። ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርገሽ ዳብሺ። ከአንገት ሥር አጥንት በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታም እዪ። ንፍፊት ሊኖር ይችላል። ንፍፊት በቁስል ወይም በኢንፌክሽን ምክንያትም ይወጣል። ነገር ግን ያለ ምክንያት ወጥቶ የማይጠፋ፣ ጠጠር ያለ ንፍፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የጡትሽን ጫፍ አትጭመቂው። ሲጨመቅ የሚወጣ ትንሽ ፈሳሽ በጤነኛ ሴትም ያጋጥማል። ትኩረት የሚሻው ሳይነካ በራሱ የሚፈስ፣ በተለይም ከአንድ ጡት ብቻ የሚወጣ፣ ደም ያለበት ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። የውስጥ ልብስሽ ላይ ነጠብጣብ ካየሽ ልብ በይ።

ደረጃ 4፦ መጻፍ

ሁለት ክብ ሥዪ፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ። ቀኑን ጻፊ። ጓጎል ያለ ቦታ ካለ ምልክት አድርጊ፣ መጠኑንም ገምቺ። ትንሽ ነገር ይመስላል። በሦስተኛው ወር ላይ ግን «ይሄ በፊትም ነበረ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ

ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን የዳበስኩ ቀን ከጡቴ ሥር ጠንካራ ነገር አግኝቼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ያገኘሁት የጡት የታችኛው ጠርዝ ነበር። ሁላችንም አለን፤ በተለይ ጡቱ ከፍ ያለ ከሆነ እዚያ ጠጠር ያለ ግማሽ ክብ መስመር ይሰማል። የሚለየው በሌላውም ጡት በዚያው ቦታ መኖሩ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲያሳስብሽ መጀመሪያ ሌላውን ጡትሽን በተመሳሳይ ቦታ ዳብሺ።

ሌሎችም ጤናማ የሆኑ ነገሮች አሉ። አንዱ ጡት ከሌላው ተለቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የላይኛው የውጪ ክፍል ጓጎል ማለቱም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ካለሽ ተፈጥሮሽ ነው። ወደ ውጪ የነበረ ጫፍ አሁን ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ልብ የሚባሉ ለውጦች

አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ለስላሳ፣ ክብ፣ ከጣት ሥር የሚሸሽ እብጠት በብዛት ይወጣል። ወደ ማረጥ የተጠጉ ሴቶች ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይኖራቸዋል። ካንሰር ብዙ ጊዜ ጠንካራ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅና የማያም ነው። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት አውቄ ነው። ለስላሳና ክብ የሆነ ካንሰርም አለ። በጣት ብቻ ማንም፣ ሐኪምም ቢሆን፣ እርግጠኛ ሆኖ አይለየውም።

«አላመመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሴት አዘግይቷል። የጡት ካንሰር ሲጀምር በአብዛኛው አያምም።

እብጠት ሳይኖርም ምልክት ሊኖር ይችላል። ቆዳው ተጎትቶ ስርጉድ ካለ። ቀዳዳዎቹ ጎልተው የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ። የአንዱ ጡት ጫፍ ቆዳ ተልጦ፣ አሳክኮ፣ በቅባት አልድን ካለ፤ ይህ ችፌ ይመስላል፣ አንዳንዴ ግን ፔጀት የተባለ የካንሰር ዓይነት ነው። ጡቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሞቆ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ተሰጥቶሽ ካልተሻለሽ ግን ተመልሰሽ ሂጂ። በእጅ የሚዳበስ እብጠት ሳይኖረው እንዲህ ቀልቶ የሚመጣ ፈጣን ካንሰር አለ።

ማን በተለይ ይጠንቀቅ?

ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዕድሉ ይጨምራል። እናት፣ እህት ወይም ልጅ የታመመችባት ሴት፣ በተለይ በወጣትነት ከሆነ፣ ለሐኪም ትንገር። ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 የተባሉት ጂኖች ላይ ጎጂ ለውጥ የወረሱ ሴቶች ከ10 ውስጥ 7 ገደማ የሚሆኑት እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ በሽታው ይይዛቸዋል። አባት በኩል ያለው ዘርም ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አልኮል፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የማረጥ ሆርሞን አደጋውን ይጨምራሉ። ማጥባትና የአካል እንቅስቃሴ ይቀንሳሉ። ጡት ማስያዣ ማድረግ ካንሰር አያመጣም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ወንዶችንም ይይዛል፤ ከ100 ታማሚዎች አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆንም።

ማሞግራም የሚጀመርበት ዕድሜ አገር ከአገር ይለያያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ትላለች። ብሪታንያ ከ50 እስከ 71 በየሦስት ዓመቱ ትጠራለች። የቤተሰብ ታሪክ ካለሽ ቀደም ብሎ መጀመር ሊያስፈልግ ይችላልና ሐኪምሽን ጠይቂ።

ለውጥ ካገኘሽ

በሁለቱም ጡት ያለ፣ ለስለስ ያለ ጓጎል ከሆነና የወር አበባሽ ቀርቦ ከሆነ፣ ደሙ ካለፈ በኋላ ደግመሽ እዪው። ከጠፋ መልካም። ራሱን ችሎ የሚለይ ጠንካራ እብጠት፣ ስርጉድ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ ወይም አዲስ የገባ ጫፍ ከሆነ ግን አትጠብቂ። በዚሁ ሳምንት ሂጂ። በየሰዓቱ እየነካካሽ አትቆዪ፤ ጡቱን ያቆስለዋል እንጂ መልስ አይሰጥሽም። ብቻሽን አትሸከሚው፣ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

ሐኪም ጋ ሦስት ነገር ይደረጋል። በእጅ ምርመራ፣ ምስል፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና መውሰድ። ዕድሜሽ ከ30 በታች ከሆነ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንድ ነው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሆነ በማሞግራም በደንብ አይታይም። ናሙናውን አትፍሪው። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ወሬ ብዙ ሴቶችን ጎድቷል። ካንሰር መሆን አለመሆኑ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው።

ብዙዎችን ከቤት የሚያስቀረው «ጡቴን ይቆርጡታል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይገባኛል። ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በጣሊያንና በአሜሪካ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ በሽታው ገና ሳለ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ጡቱን በሙሉ ከማንሳት እኩል በሕይወት ያቆያል። ቶሎ የመጣች ሴት ናት ይህ ምርጫ የሚሰፋላት። በአሜሪካ አኃዝ፣ ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ የተገኘባቸው ሴቶች ከ100 ውስጥ 99 ያህሉ በዚሁ በሽታ ሳይሞቱ 5 ዓመት ያልፋሉ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ዘመቻ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከመጣች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ ውጤቷን እንድታውቅ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ወራት ማለፍ የለባቸውም።

ምናልባት «ልጅ ነሽ፣ ምንም አይደለም» ተብለሽ ያለ ምስል ትመለሺ ይሆናል። እብጠቱ እዚያው ካለ ተመልሰሽ ሂጂ ወይም ሌላ ሐኪም ጋ ግቢ። «እብጠቱ መቼ እንደወጣ ይኸው ጽፌዋለሁ፤ አልትራሳውንድ ይታይልኝ» በይ። ሥዕልሽን ይዘሽ ሂጂ። ናሙና ከተወሰደልሽ ውጤቱን በቃል ብቻ ሰምተሽ አትውጪ፤ የወረቀቱን ቅጂ ተቀበይና አስቀምጪ። ውጤቱ «ካንሰር አይደለም» ከሆነም ያንን እብጠት ሥዕልሽ ላይ ከነመጠኑ አስፍሪው፣ የክትትል ቀጠሮ ካለውም ጻፊ። በሚቀጥለው ወር ስትዳብሺው ያው ከሆነ እለፊው። ካደገ ወይም ከጠነከረ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ተመለሺ።